በኸድራ ሆድ ውስጥ የነበረው

አሁን የምጽፈው ነገር ለዓመታት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም የነገርኩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ለባሌ አልነገርኩትም። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ስለ ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ እለምናለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን አላህ ያውቀዋል ብዬ ዱዓዬን እዘጋለሁ። እሱ እንደሚያውቅ መች አጣሁት? የከበደኝ እኔ ራሴ በቃል ማለቱ ነው። እናንተ አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም። ስለዚህ ስሙኝ። ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

ስሜ ሙና ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከዚራ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ የምሠራ ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት አያለሁ። ያየሁትን ለታማሚውና ለሐኪሙ እንጂ ለሌላ ለማንም እንዳልናገር ስመረቅ ቃል ገብቻለሁ። ቃሉን እስከ ኸድራ ድረስ ጠብቄው ነበር።

ኸድራ የወንድሜ እጮኛ ነበረች። ወንድሜ ሰሚር ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ በዚያ በረሃ ላይ እየተመላለሰ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኸድራ ደግሞ ከእናቷ ከሳፊያ ጋር ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እነሱ ሶማሌ ናቸው፤ እኛ ኦሮሞ ነን። ድሬ ውስጥ ይሄ ማንንም አያስገርምም። ሰሚርና ኸድራ ሲያወሩ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ነበር የሚጨርሱት። እኔም እናቷን እንደ እሷው «ሆዮ» እላታለሁ፤ እናቴ ማለት ነው።

ኸድራ ሳቂታ ነበረች። ጨርቅ ስትለካ የአንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ እጇን እስከመጨረሻው ትዘረጋና ጨርቁን ሳትለቅ ትስቃለች። እናቴ ትወዳት ነበር፤ እኔን ከምትወደኝ በላይ ትወዳት ነበር። ይህን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታችን በመጣች ቁጥር እናቴ ፊቷ ሲበራ እያየሁ ውስጤ አንድ ነገር ይቆነጥጠኝ ነበር። ያኔ ቅናት ነው ብዬ አልጠራሁትም። ዛሬ ስሙን አውቃለሁ።

ከምሳ በኋላ ነበር የመጣችው፤ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤቱ ሲያስተኛው፣ ክሊኒኩም ጭር ሲል። ብቻዋን ነበረች። ላቦራቶሪው ውስጥ ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። ከጥቂት ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንደሚያቅለሸልሻት፣ ጡቷ እንደሚያማት፣ የወር አበባዋ ቀርቶ አልፎ አልፎ ብቻ ጠብ እንደሚል ነገረችኝ። ሆዷ ውስጥ በስተቀኝ የሚጠጥር ነገር አለ አለች። እጄን ወስዳ አስነካችኝ። ጠንካራ ነበር።

«አባዮ፣ ማንም ሳያውቅ አንቺ እይልኝ» አለችኝ። አባዮ ማለት በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

የሽንት ምርመራ አደረግኩላት። ታውቁታላችሁ፤ ቀጭን ወረቀት ነው፣ ሽንቱ ውስጥ ይነከራል። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከወጣ እርግዝና የለም። ሁለት ከወጣ አለ። ሁለተኛው መስመር የሚወጣው በሽንቱ ውስጥ የእርግዝና ሆርሞን ሲገኝ ነው። የኸድራ ሁለተኛ መስመር ለመውጣት ጊዜ አልወሰደም። ከመጀመሪያው ይልቅ ደምቆ ወጣ። እንደዚያ የደመቀ አይቼ አላውቅም ነበር።

አሳየኋት። ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እንደገና ወረቀቱን።

«ወንድ ነክቶኝ አያውቅም» አለች። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ቀኑ ረቡዕ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩት። ያው ሆነ። እንግዲያው በአልትራሳውንድ ይታይልኝ፣ ልጅ ካለ ይታያል፣ ከሌለም የለም ይባላል አለችኝ። መሣሪያው በሚቀጥለው ክፍል ነበር። ሐኪሙም ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። እኔ ግን ምን ቀረና ነው የሚታየው አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። አሥራ አምስት እርምጃ የማይርቅ ክፍል ነበር፤ እኔ በሩን አልከፈትኩም።

ስትወጣ «ለሰሚር እኔው ራሴ እስክነግረው ታገሺኝ» ብላ ለመነችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። ገና ባጃጅ ይዛ ከመንገዱ ሳትታጠፍ ስልኬን አንስቼ ለወንድሜ ደወልኩ።

ሰሚር ጅቡቲ ወደብ ላይ ወረፋ እየጠበቀ ነበር። ነገርኩት። ከበስተጀርባው የመኪና ሞተር ይሰማኛል። ከዚያ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። ወንድሜ እንዳልነካት እሱ ራሱ ያውቃል። ሌላ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም።

ያኔ ምን ተሰማኝ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱን ለመሸሽም ብዙ ሞክሬያለሁ። ለወንድሜ አዝኜ ነበር፤ እውነት ነው። ከሐዘኑ ሥር ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ እንደዚያ ፊቷ የሚበራላት ልጅ ይህች ነበረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሰሚር ለአጎቶቿ ነገራቸው፤ ጥሎሹ ተመለሰ። ሆዮ ሳፊያ ልጇን እንደመታቻት፣ ከዚያም አቅፋት እንዳለቀሰች፣ ከዚያም እንደገና እንደመታቻት ጎረቤት አወራ። ኸድራ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ ወንድ አልነካኝም። ይህን በደጋገመች ቁጥር ሰው የባሰ ተናደደባት። መጨረሻ ላይ የአባቷ እህት ወዳለችበት ወደ ዋሂል ላኳት፤ እስክትወልድ ድረስ እዚያ እንድትቀመጥ። ቀፊራ ላይ የሳፊያ ሱቅ ያው ተከፈተ። እሷ ብቻዋን ተቀመጠችበት። ሴቶቹ ጨርቅ ሊገዙ ይመጣሉ፣ ስለ ልጇ ግን አይጠይቋትም። አለመጠየቃቸው ነበር የሚገድላት።

ለሰሚር ሌላ ሚስት ያገኘሁለት እኔ ነኝ። ነጃት አብራኝ የተማረች ጥሩ ልጅ ናት። ወንድሜ እሺ ያለው ወድዶ ይሁን ደክሞት አላውቅም። የሰርጉ ቀን ተቆረጠ።

ሰርጉ ሳይደርስ በከተማው ላሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ሐኪም ነበር ያስተማረን፤ ከሰውነት ተቆርጦ የወጣ ሥጋ እየመረመረ በሽታውን የሚለይ ፓቶሎጂስት። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ይስማው አይስማው የማይጨነቅ ዓይነት ሰው ነው። ስለ ግንድ ህዋስ፣ ስቴም ሴል ስለሚሉት ነበር የሚያወራው። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አንዲት ህዋስ ነበርን አለ። ያቺ ህዋስ አጥንትም፣ ፀጉርም፣ ጥርስም፣ አንጎልም መሆን ትችላለች። ስትባዛ እያንዳንዷ ድርሻዋን ትይዛለች፤ አንዷ ዓይን ትሆናለች፣ አንዷ ቆዳ። ድርሻዋን የያዘች ህዋስ መቼ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች። ጥቂቶቹ ግን ሳይወስኑ በየቦታው ይቀራሉ፤ የቆሰለውን የሚጠግኑ፣ ያለቀውን የሚተኩ እነሱ ናቸው። ካንሰር አንዳንዴ ከእነዚህ ነው የሚነሳው አለ። ሰውን የሠራው ያው ኃይል መቆሚያው ይጠፋበታል።

ከዚያ ሥዕል አሳየን። የሴት እንቁላል ከሚፈጠርበት ቦታ የወጣ ዕጢ ነው። ውስጡ ፀጉር ነበረ። ጥርስም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ይህ ልጅ አይደለም አለ ሐኪሙ፤ ልጅ የሚሆነውን ነገር ሁሉ መሆን የምትችል ህዋስ ያለ ትእዛዝ የሠራችው ነው። አንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ዕጢ ደግሞ የእርግዝናን ሆርሞን ያመነጫል። የሽንት ምርመራ ስታደርጉ ሁለት መስመር ይወጣል። እንዲህ ያለ ዕጢ ያለበት ወንድ ቢሆን እንኳን ሁለት መስመር ሊወጣበት ይችላል አለ። ሰዎች ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የኸድራ ሁለተኛ መስመር ትዝ አለኝ።

በዕረፍት ሰዓት ሐኪሙን ለብቻው አገኘሁትና እንዲህ ያለው በሽታ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ጠየቅኩት። ታማሚ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም፣ እንዲሁ ለማወቅ ነው አልኩት።

«ሌላውን ካንሰር በዓመት እንቆጥረዋለን» አለኝ፤ «ይሄን ግን በሳምንት ነው። ደግነቱ መድኃኒት በደንብ ይሠራበታል። ቶሎ ከመጣች አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች።»

ልብ አድርጉልኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ የሠራሁት ክፋት ነበር፤ ግን ሳላውቅ የሠራሁት ነው ማለት እችል ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ማለት አልችልም። ወደ ዋሂል የሚሄድ ሚኒባስ ከድሬ በየቀኑ ይወጣል። ስልክም ነበረኝ። ለሆዮ ሳፊያ ልጅሽን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ዝም አልኩ።

ለምን? ሰርጉ ነበራ። ከተናገርኩ ሰሚር ሰርጉን እንደሚያቆም አውቅ ነበር። ነጃት ምን ትሆናለች? እናቴ ለኸድራ ስታለቅስ በምን ዓይኔ አያታለሁ? የታማሚ ምስጢር አውጥቼ ለወንድሜ መስጠቴ፣ አልትራሳውንድ ስትለምነኝ እምቢ ማለቴም ይወጣል። ምናልባት የእውነት እርግዝና ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰርጉ ይለፍና እሄዳለሁ አልኩ። ሰርጉ ሲያልፍ እንግዶቹ ይሂዱ አልኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ክሊኒኩ ሰው ጎድሎበታል አልኩ። እንዲህ እያልኩ በሳምንት የሚቆጠረውን በሽታ ሳምንታት ሰጠሁት። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሌላ ማንም አያውቅም ነበርና ሌላ ማንም ሊሰጠው አይችልም ነበር።

በመጨረሻ ሄድኩ። ምን እንደገፋኝ ዛሬም አላውቅም። አንድ ጠዋት ለአንዲት ሴት ምርመራ ሳደርግ ሁለተኛው መስመር ቀስ ብሎ ሲወጣ አየሁና ነጩን ጋዋኔን አውልቄ ወጣሁ።

ዋሂል ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የአክስቷን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ሕፃናት መንገዱን እያሳዩኝ መጡ፤ ግቢው ሲቀርብ ግን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። አክስቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስገባችኝ፤ እሷ ግን አልገባችም። መጀመሪያ ላይ የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ሆዷን ይዳስሱ እንደነበር፣ ጆሯቸውንም አስጠግተው ያዳምጡ እንደነበር ነገረችኝ። አሁን ማንም አይመጣም አለች።

ኸድራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ክንዷ የሕፃን ክንድ አክሏል፤ ጉንጯ ገብቷል። ሆዷ ብቻ ነበር የሚያድገው፤ እሷን እየበላ የሚያድግ ነበር የሚመስለው። ታስላለች። ስታስል አፏ ላይ የምትይዘው ሻርፕ ላይ ደም አየሁ። ስታየኝ አልተገረመችም።

«አይንቀሳቀስም» አለችኝ። ሰላምታ ሳታስቀድም፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። «ሴቶቹ ልጅ ይራገጣል ይላሉ። ይሄ አይራገጥም። ዝም ብሎ ነው የሚያድገው። ግን እንዳለ ይሰማኛል። እኔ ዝም ስል እሱም የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቤቱ ውስጥ ዝንብ እንኳን አልነበረም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለውን ቃል ተናገረች።

«ምናልባት ረስቼው ይሆን እንዴ ሙና? ሁላችሁም አንድ ነገር ስትሉ እኔ ብቻዬን ሌላ ማለት አቃተኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው ነክቶኝ ረስቼው ይሆን?»

አልረሳሽም አልኳት። ልጅ አይደለም፣ በሽታ ነው፣ አንቺ እውነትሽን ነው አልኳት። ከዚያ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

በዚያው ቀን ድሬ አመጣኋት። በአልትራሳውንድ ታየች፤ ልጅ አልነበረም። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የወጣውን አየሁት፤ እንዲያሳዩኝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ትልቅ ነበር። አንድ ወገኑ ላይ ፀጉር ነበረው፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ ጥቁር። የኸድራ ፀጉር ነበር። ሌላ የማን ሊሆን ይችላል? ከአጥንት የጠነከረ ትንሽ ነጭ ነገርም ነበረው፤ ጥርስ ነው። ሌላው ወገን ግን ፀጉርም ጥርስም አልነበረው፤ ደም የሞላበት፣ የሚፈርስ ሥጋ ነበር። ሆርሞኑን ያመነጨው፣ ወደ ሳንባዋም የሄደው እሱ ነው።

ሆዮ ሳፊያ ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የወጣው ነገር ይሰገድበታል ወይ፣ እንደ ሰው ይቀበራል ወይ አለችው። ሐኪሙ ሰው እንዳልሆነ፣ ከልጇ ከራሷ ሥጋ የተነሳ በሽታ እንደሆነ፣ አባት የሚባል እንደሌለው ቀስ ብሎ አስረዳት። ሰማችው። ሻርፗን ወደ ዓይኗ ሳበችና «ታዲያ እኔ ልጄን በምን ጣልኳት?» አለች።

ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት ጀመረች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ግን ሳሏ ቀነሰ፤ ፊቷም ሞላ አለ። ከሐኪም ቤቱ ምርመራ ሌላ እኔም ሽንቷን ራሴ እያየሁ ነበር። ሁለተኛው መስመር በየጊዜው እየደበዘዘ ሄደ። አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። ወረቀቱን ለኸድራ ወስጄ አሳየኋት። ሳቀች። ያን ሳቋን ደግሜ አያታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አላህ ምሮኛል ብዬ አሰብኩ፤ የማንንም ይቅርታ ሳልጠይቅ ምሮኛል አልኩ።

ወራት አለፉና እንደገና አየሁት። መጀመሪያ መስመር አልነበረም፤ ጥላ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ካላዘነበልኩት የማይታይ ጥላ። በሚቀጥለው ጊዜ መስመር ሆነ። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ህዋሶች ይገድላል፤ ጥቂቶቹ ግን እንደ ግንድ ህዋስ ዝም ብለው ይተኛሉ፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ይነሳሉ ብሎ የሚያክማት ሐኪም አስረዳን። እነዚያ የተኙት ወደ ሳንባዋ የሄዱት መቼ ነው? ከሥልጠናው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ነጃትን ሒና ስንቀባት በነበረበት ሳምንት ይሆን? ሐኪሙን ብጠይቀው ማንም ሊያውቅ አይችልም ይለኝ ነበር። ስለዚህ አልጠየቅኩትም። ያ መልስ መደበቂያ እንደሚሆነኝ አውቅ ነበር፤ መደበቂያ አይገባኝም።

ሰሚር ሊያያት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ጠራ። ኸድራ ፊቷን አዞረች፣ በሩን ዝጉልኝ አለች፤ እኔ ዘጋሁት።

ልትሞት አካባቢ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው ቀፊራ ላይ እውነቱን እንድናገርላት ነው፤ ሱቅ ለሱቅ፣ ሁሉም እንዲሰማ። እሺ አልኳት። ሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዓይኗ ገብቶ ትልቅ ሆኖ ነበር። እውነቱን ብነግራት ትረግመኝ ነበር፣ ወይም ይቅር ትለኝ ነበር። የትኛውን እንደፈራሁ አላውቅም።

«ዋሂል በመጣሁባት ጠዋት» አልኳት።

«ስታውቂ ወዲያው መጣሽ ማለት ነው» አለች። ከዚያ «አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ቀትር ላይ ሞተች።

የለመነችኝን የመጀመሪያ ነገር ፈጸምኩ። የሐዘኑ ጊዜ ሲያበቃ ሆዮ ሳፊያ እጄን ይዛ ቀፊራን አዞረችኝ። ቅመም ሻጮቹ ጋ፣ እህል ተራ፣ ጨርቅ ተራ፣ አንዱም አልቀረም። በየሱቁ ትቆምና፣ ልጄ ንጹህ ነበረች፣ በሽታ ነው የገደላት፣ ይህችም የተማረች ልጅ ናት፣ ምስክሬ ናት ትላለች። እኔም አዎ እላለሁ። ሴቶቹ ይመርቁኛል። አንዲት አሮጊት እጄን ሳመችኝ። ወንድሟ ሌላ አግብቶ እንኳን እሷ አልጣለቻትም፣ ሄዳ አመጣቻት አሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ቆሜ ተመረቅኩ። ሰውነቴ ውስጥ አንድ የማላውቀው ነገር ዝም ብሎ እያደገ የነበረ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዒዱ ሆዮ ሳፊያ ከሱቋ ምርጡን ጨርቅ ትልክልኝ ነበር። አንዱንም አላሰፋሁትም። ልጄ ብትሄድም ሌላ ልጅ ትታልኝ ሄደች ትለኝ ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

ዘንድሮ ሐጅ ልትሄድ ተነሳች። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያለ ይዞራል። ክሊኒኩ ድረስ መጣች። የታማሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ተራዋን ጠበቀች። ሰው ሲቀልልኝ ላቦራቶሪው ውስጥ አስገባኋት፤ ያኔ ኸድራ የቆመችበት ቦታ ቆመች። በመጀመሪያ ላይ፣ ነገሩን ለሰሚር ያወጣሽው አንቺ እንደሆንሽ ስሰማ በልቤ ረግሜሽ ነበር አለችኝ። ልጄን ለማዳን የምትለፊ አንቺ እንደሆንሽ አላወቅኩም ነበር፤ አውፍ በይኝ አለች። ጎንበስ ብላ እጄን ልትይዝ ስትል ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ነገርኳት። ቆሜ ነገርኳት። ስለ ሥልጠናው ነገርኳት፤ ሐኪሙ ቶሎ ከመጣች ትድናለች እንዳለኝ ነገርኳት፤ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ሰርጉ እስኪያልፍ እንደጠበቅኩ፣ ከሰርጉም በኋላ እንደጠበቅኩ፣ ኸድራ ስትጠይቀኝ እንደዋሸኋት፣ እሷም አላህ ይስጥሽ ብላኝ እንደሞተች።

ሆዮ ሳፊያ አላቋረጠችኝም። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሰርጉ ላይ ጨፍረሻል?»

ሌላ ምንም ብትጠይቀኝ እመልስ ነበር። ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ እንዴት ቻልሽ ብትለኝ፣ ለዓመታት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን አልነበረኝም። ከበሮው ትዝ አለኝ፤ በሒና የቀላ እጄ፣ እናቴ ስታጨበጭብልኝ።

«ጨፍሬያለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የጨርቅ ዋጋ ሲነገራት እንደምትነቀንቀው። ሻርፗን አስተካከለች።

«ቅድም አውፍ በይኝ ያልኩሽን ትቼዋለሁ» አለችኝ። «እርግማኔ ልክ ነበር።»

በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ሐጅ ሄዳ ተመለሰች። ሱቋን ከፍታለች። ባለፈው ዒድ ጨርቅ አልመጣልኝም። በቀፊራ ሳልፍ ታየኛለች፤ ፊቷን አታዞርም፤ ታየኛለች።

ይቅርታ የምለምናት ሴት ቀትር ላይ ሞታለች፤ ስትሞትም እኔን እያመሰገነች ነው። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ሳታውቅ ነው የሚለኝ ሰው ግን ቢኖር፣ መልሱ ከእኔ ዘንድ ይኸው። አውቅ ነበር። ትድናለች ተብዬ ነበር። እኔ ሙና አውቄ ጨፈርኩ።